ሰርቨሩ በድሬ ሙቀት ነው የሚጮኸው ብለን ነበር፤ ለካ ጅብ ገብቶ ኖሯል

የከዚራ ጥላ · ማክሰኞ ማታ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ረጅም ነው፣ ሻያችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

ድሬ አንድ ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው፣ ስሙ ይቅር። መጋዘኑ እዚህ ነው፣ ሐረር ቅርንጫፍ አለን። የዕቃ መቆጣጠሪያ ሲስተማችን በጃቫ የተሠራ ነው። እኔ ሳልቀጠር በፊት የተተከለ ነው፣ የሠራው ሰውዬ አሁን የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። የሐረሩ ቅርንጫፍ ማታ ማታ የቀኑን ሽያጭ ጠቅልሎ ወደ እኛ ሰርቨር ይልካል። ለዚያ ተብሎ አንድ ፖርት ወደ ኢንተርኔት ክፍት ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሰርቨሩ መጮህ ጀመረ። ማራገቢያው ማለቴ ነው፣ ቀን ከሌት እንደ ባጃጅ ያጓራል። ወሩ ግንቦት፣ ከተማው ድሬ፣ መብራቱ ደግሞ መጣ ሄደ፤ እዚህ አገር ያደገ ሰው ሁሉ ሙቀት ነው ከማለት ሌላ ምን ይላል? እኔም አልኩ። አቧራውን አራገፍኩ፣ ማራገቢያ ቀየርኩ፣ አለቃዬን ነዝንዤ ሁለተኛ ኤሲ አስገዛሁ። ክፍሉ እንደ ሐረር ቀዘቀዘ። ሰርቨሩ ግን ያው ነው።

በመጨረሻ ፕሮሰሰሩን ሳይ 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሏል። አንድ የማላውቀው ፕሮግራም ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ተቀምጦ ክሪፕቶ ይቆፍራል። ገደልኩት፣ ከደቂቃ በኋላ ተመለሰ። ክሮን ውስጥ (ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳው ውስጥ) ራሱን ጽፏል። ያንንም ነቀልኩት፣ በማግስቱ ጠዋት ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ።

ፓስዎርድ የሰበረ የለም፣ ኤስኤስኤች (ከሩቅ መግቢያው) ከውጭ ዝግ ነው። ሎጉ ላይ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ነገር ብቻ አለ፦ ክላስ ካስት ኤክሴፕሽን፣ "ሃሽሴት ወደ ሽያጭ ሪፖርት ሊቀየር አይችልም" የሚል። ይሄ ሲስተሙ የማይሆን ነገር ሲመጣበት መመለሱ ነው ብዬ አለፍኩት። ታዲያ ሌባው በየት ገባ?

ጁገል ውስጥ · 3፡48

አቦ መልሱን እኮ ራስህ ጽፈኸዋል። ያለፍከው መስመር ነው በሩ።

የኮዱን ቅደም ተከተል አስበው። ባይት ከውጭ ይመጣል። ሰርቨሩ ሪድ ኦብጀክት ብሎ ባይቱን ወደ ኦብጀክት፣ ማለትም ፕሮግራሙ ወደሚጠቀምበት ዕቃ፣ ይመልሰዋል። "ይሄ የሽያጭ ሪፖርት ነው ወይ?" ብሎ የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው። ኤረሩ የመጣው ሁለተኛው ላይ ነው። ኦብጀክቱ ግን መጀመሪያው ላይ ተሠርቶ አልቋል፣ እየተሠራ ሳለም የፈለገውን አድርጓል። ሎጉ ላይ ኤረር ሲጻፍ ቆፋሪው ወርዶ ሥራ ጀምሯል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉሃል ይሄ ነው። እኛ ጅብ አብልተን የምናድር ሰዎች ስለ ጅብ ስናወራ ስማን።

ሁለት ነገር ንገረኝ። ጃቫው ስንት ነው? ላይብረሪ ፎልደሩ ውስጥ ኮመንስ ኮሌክሽንስ የሚባል አለ?

የከዚራ ጥላ · 4፡05

ጃቫ 8 አፕዴት 60። ኮመንስ ኮሌክሽንስም አለ፣ 3.2.1። ግን ወንድሜ፣ እኛ ኮድ ውስጥ አንድም ቦታ አልተጠራም፣ ፈልጌያለሁ። ሌላ ላይብረሪ አዝሎት የመጣ ነው የሚመስለኝ።

ጁገል ውስጥ · 4፡40

እህትህ ነኝ፣ ግድ የለም።

አለመጠራቱ አያድንህም። ሰርቨሩ ሊያገኘው የሚችልበት ቦታ መቀመጡ ይበቃል። በጃቫ ሲሪያላይዜሽን (ኦብጀክትን ወደ ባይት አሽጎ መላክ) የትኛው ክላስ፣ ማለትም የኦብጀክት ንድፍ፣ እንደሚሠራ የሚወስነው ላኪው ነው፣ የክላሱ ስም ባይቱ ውስጥ ተጽፎ ነው የሚመጣው። አንተ የሽያጭ ሪፖርት ትጠብቃለህ፣ እሱ ሃሽሴት የሚባለውን የጃቫ ስብስብ ይልካል፣ ሰርቨሩ ሃሽሴት የት እንዳለ ስለሚያውቅ እሺ ብሎ ይሠራዋል።

አሁን ሰንሰለቱን ተመልከተው፣ ተንኮሉ የሚያስቀናው እዚህ ጋ ነው። ሃሽሴት መልሶ ሲገጣጠም በውስጡ ያለውን እያንዳንዱን ነገር ሃሽ ኮዱን ይጠይቃል፣ አለዚያ የት እንደሚያስቀምጠው አያውቅም። የተጠየቀው ነገር ሃሽ ኮዱን ለማስላት ወደ አንድ ማፕ (ቁልፍና ዋጋ የሚይዝ ሰንጠረዥ) ይሄዳል። ማፑ ሌዚ ማፕ ነው፣ ሰነፍ፤ የተጠየቀው ነገር ከሌለው እዚያው ፈጥሮ ይሰጣል። ለመፍጠር ትራንስፎርመር ይጠራል። ትራንስፎርመሩ ስሙን የነገሩትን ሜተድ ሁሉ ይጠራል፣ ስሙን የሚነግረው ደግሞ ላኪው ነው። መጨረሻ ላይ የሚመጣው ስም "ይህን ትዕዛዝ አስኪድ" የሚለው ነው። አለቀ። አንዳቸውም አልተበላሹም፣ ሁሉም የተፈጠሩበትን ሥራ ነው የሠሩት። አጥቂው አዲስ ክላስ ይዞ አልመጣም። ክላሱ ሁሉ ቤትህ ነበረ፣ እሱ ያመጣው ቅደም ተከተሉን ነው።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስልህ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፦ ጃንዋሪ 2015 ላይ ክሪስ ፍሮሆፍና ጋብሪኤል ላውረንስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች የዚህ ዓይነት ሰንሰለት በአንድ ጉባኤ ላይ አሳዩ፣ ሰንሰለቶቹን የሚያዘጋጀውን ዋይሶሲሪያል የሚባለውን መሣሪያም ለቀቁ። ብዙ ሰው ከቁብ አልቆጠራቸውም። ኖቬምበር ላይ ስቲቨን ብሪን የሚባል ሌላ ሰው በዚያው መንገድ ዌብሎጂክን፣ ዌብስፌርን፣ ጄቦስንና ጄንኪንስን የመሳሰሉ ስመ ጥር የጃቫ ሶፍትዌሮችን ከፍቶ ሲያሳይ ነው ዓለም ከእንቅልፉ የባነነው። ኮመንስ ኮሌክሽንስ 3.2.2 ያኔ ወጣ። ያንተዋ 3.2.1 ናት። አንድ ቁጥር።

ባጃጅ ነጂ · 4፡52

እንግዲህ 3.2.2 አድርጎ ይተኛ። ምን ያስረዝመዋል?

ለገሃር · 5፡20

አይተኛም። ዋይሶሲሪያል ውስጥ ያለው ሰንሰለት አንድ አይደለም። በስፕሪንግ የሚሄድ አለ፣ በግሩቪ የሚሄድ አለ፣ በድሮዎቹ ጃቫ 7ዎች ላይ ምንም ላይብረሪ ሳይጨመር በራሱ በጃቫ ብቻ የሚሠራም አለ። አንዱን ቀዳዳ ስትደፍን ሌላው ይገኛል። ላይብረሪውን መውቀስም ልክ አይመስለኝም፣ እሱ ማን ያስገባኝ ብሎ አልጠየቀም።

እኔ ለጀማሪዎች ስነግር በአልጋ ነው የማስረዳው። ከድሬ ወደ ሐረር አልጋ ልትልክ ነው እንበል። አንደኛው መንገድ አልጋውን ፈታትተህ፣ ብሎኑንና የአገጣጠም መመሪያውን አሽገህ በአይሱዙ መላክ ነው። ሐረር ያለው ልጅ መመሪያው ያለውን ሁሉ እያደረገ ይገጣጥማል፤ መመሪያው መሀል ላይ አንዱ "አሁን የጓዳውን ጋዝ ክፈት" ብሎ ቢጽፍበት ይከፍታል፣ ምክንያቱም እሱ የታዘዘው መመሪያውን እንዲከተል ነው። ሁለተኛው መንገድ "ወርዱ 1 ሜትር ከ20፣ እንጨቱ ዋንዛ" ብሎ ወረቀት መላክ ነው። ሐረር ያለው አናጢ ልኩን አይቶ በራሱ እጅ ይሠራል። ልኩ ካልጣመው "ይሄ አልጋ አይደለም" ብሎ ወረቀቱን ይጥላል። የመጀመሪያው ሲሪያላይዝ የተደረገ ኦብጀክት ነው፣ ሁለተኛው ተራ ጄሰን፣ ማለትም ዳታው ብቻ የተጻፈበት ጽሑፍ።

ተራ ያልኩት አውቄ ነው። ጄሰን ሆኖም የክላስ ስም ውስጡ እንዲጻፍ የሚፈቅዱ ላይብረሪዎች አሉ፣ ጃክሰን የሚባለው ላይ ይህን የሚፈቅደውን ዲፎልት ታይፒንግን የከፈተ ሰው በዚያ ብዙ ተሰቃይቷል። ያኔ ወረቀቱም መመሪያ ይሆናል።

ታይዋን ተራ · ረቡዕ ጠዋት 2፡15

ሁሉም ጥሩ፣ ግን አንድ ያልገባኝ፦ ድሬ ያለች የዘይትና የስኳር መጋዘን ማን ይፈልጋታል? ፔንታገን አይደለችም። የውስጥ ሰው እጅ ይኖርበታል።

ለገሃር · 2፡40

ማንም አልፈለጋትም፣ ነገሩ እንደዚያ አይሄድም። የአይፒ 4 አድራሻ በጠቅላላ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነው። በ2013 ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ዜድማፕ የሚባል መሣሪያ ሠርተው በአንድ ኮምፒውተርና በአንድ ጊጋቢት መስመር ያንን ሁሉ አድራሻ አንድ ፖርት ላይ ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አንኳኩተውታል። ቦቱ ሰፈር አይመርጥም፣ ከዚራ ይሁን ካሊፎርኒያ አያውቅም። በር ሲከፈትለት ይገባል። የውስጥ ሰው ብላችሁ የመጋዘን ልጆች ላይ ጣት እንዳትቀስሩ አደራ፣ በዚህ ሰበብ ሰው ሲባረር አይቻለሁ።

ደቻቱ ማዶ · 3፡05

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለውን ሁሌ ስሰማው ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ለካ ስለ ሪድ ኦብጀክት ነው 😂 ማን መሆኑን ሳይጠይቁ ቁርበቱን አነጠፉለት፣ ራት ሆነለት።

ይሄ ግን የአሜሪካውን የብድር መረጃ ድርጅት ኢኩዊፋክስን በ2017 የበላው ነገር አይደለም? የ147 ሚሊዮን ሰው መረጃ የወጣበት። ስትራትስ የሚባለው የጃቫ ዌብ ማዕቀፍ ነበር፣ ዲሲሪያላይዜሽን (የታሸገውን መልሶ መገጣጠም) ነው ብለው ሲጽፉ አንብቤያለሁ።

ጁገል ውስጥ · 3፡30

ቁርበቷን ወድጄልሃለሁ። ኢኩዊፋክስ ላይ ግን ተሳስተሃል፣ ብዙ ሰውም ተሳስቷል። በዚያ ዓመት ስትራትስ ላይ ሁለት ትልልቅ ቀዳዳ ወጥቷል። የማርቹ ሲቪኢ (የቀዳዳ መዝገብ ቁጥር) 2017-5638 ነው፣ ሄደር ውስጥ የተጻፈ ኦጂኤንኤል የሚባል ስሌት ሰርቨሩ አስልቶ ያስኬደዋል። የሴፕቴምበሩ ሲቪኢ 2017-9805 ነው፣ እሱ ኤክስስትሪም በሚባል ላይብረሪ በኩል የሚሄድ እውነተኛ ዲሲሪያላይዜሽን ነው። ሁለተኛው የወጣውና የኢኩዊፋክስ ወሬ የተሰማው አንድ ሰሞን ስለነበር ሰው አቀላቀለው። ኢኩዊፋክስ የተበላው በማርቹ ነው። ፓቹ ወጥቶ ወራት አልፎት ነበር፣ የሚያናድደው እሱ ነው።

አራተኛ ዓመት · 5፡10

ጋሼ ለገሃር፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ፓይተን ነው የምሠራው፣ ጃቫ አልነካም። የመመረቂያ ፕሮጀክታችን የቡና ቅጠል በሽታ በፎቶ የሚለይ ሞዴል ነው። ሞዴሎቹን ከኢንተርኔት እናወርዳለን፣ እርስ በርስም በቴሌግራም እንላላካለን። ይሄ ነገር ይመለከተናል?

ለገሃር · 5፡35

ድሬ ላይ ጋሼ የሚባል ነገር የለም፣ አንተ በለኝ 😄

ይመለከታችኋል፣ እንዲያውም ከጃቫው የባሰ ነው። ፒክል የሚባለው የፓይተን ማሸጊያ ሰንሰለት መፈለግ እንኳን አያስፈልገውም። አንድ ኦብጀክት ሲከፈት የትኛው ፈንክሽን በምን ግቤት ይጠራ የሚለውን በግልጽ ይዞ መምጣት ይችላል፣ ሪዱስ የሚባለው ሜተድ ሥራው ይሄው ነው። የፓይተን መመሪያ ገጽ ራሱ ከላይ በቀይ አስጠንቅቆ ጽፎታል፦ ከማታምነው ሰው የመጣ ፒክል አትክፈት። ማን ያነባል!

የሞዴል ፋይል ደግሞ ብዙ ጊዜ ውስጡ ፒክል ነው። ሞዴል የሚሠራበት ፓይቶርች በጃንዋሪ 2025 በወጣው 2.6 ላይ ነው ፋይል ሲከፍት ክብደቱን (የሞዴሉን ቁጥሮች) ብቻ እንዲያነብ በራሱ ያደረገው። ከዚያ በፊት ያለ ቨርዥን ላይ ከሆናችሁ አሻሽሉ። ሴፍቴንሰርስ የሚባል ፎርማትም አለ፣ ቁጥር ብቻ ነው የሚይዘው፣ ባገኛችሁበት እሱን ምረጡ። በቴሌግራም "ይሄን ሞዴል ሞክረው" የሚልህን የማታውቀውን ሰው እንደ ማታውቀው ሰው ሳምቡሳ ቁጠረው። ያምል የሚባለውን የማዋቀሪያ ፋይል ስታነቡም ሴፍ ሎድን ተጠቀሙ።

አሸዋ · 6፡02

እኔ በፒኤችፒ ነው የምሠራው፣ አንድ ነገር ልናዘዝ። ሐረር ላለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ የቦታ ማስያዣ ሳይት ስሠራ እንግዳው የመረጣቸውን ክፍሎች ሲሪያላይዝ አድርጌ ኩኪ ውስጥ አስቀመጥኩት። ተመልሶ ሲመጣ አንሲሪያላይዝ። ሦስት ዓመት ሠርቷል! አንድ ጓደኛዬ አይቶ ሳቀ፣ ከዚያ ኩኪውን አስተካክሎ ሰርቨሩ ላይ ፋይል ሲያስጠፋ አሳየኝ፣ ሳቁ ወደ እኔ አልመጣም። ፒኤችፒ ላይ ኦብጀክቱ ሲነቃና ሲሞት በራሳቸው የሚጠሩ ሜተዶች አሉ። እኔ የጫንኩት የሎግ ላይብረሪ ደግሞ ሲሞት ጊዜያዊ ፋይሉን ያጠፋ ነበር። የትኛውን ፋይል? ኩኪው ያለውን።

ከፒኤችፒ 7 ጀምሮ አንሲሪያላይዝ ላይ "ምንም ክላስ አትፍቀድ" ማለት ይቻላል። እኔ ግን ጄሰን አድርጌው ተገላገልኩ። ኩኪውን በቁልፍ ብፈርመውስ? ያኔ ማንም አይነካካውም አይደል?

ጁገል ውስጥ · 6፡30

ቁልፉ የአንተ ብቻ ሆኖ እስከቆየ ድረስ። ፊርማ ጥሩ ነው፣ ግን ቁልፉ ሲወጣ ከነበርክበት የባሰ ቦታ ላይ ትገኛለህ፣ ምክንያቱም ሁሉንም ነገር በዚያ ቁልፍ አምነኸዋል። በ2020 የማይክሮሶፍት የኢሜይል ሰርቨር፣ የኤክስቼንጅ፣ ጉድ እሱ ነበር፣ ተከላው ሁሉ አንድ ዓይነት ቁልፍ ይዞ ነው የሚመጣው። ጁላይ 2025 ላይ ሼርፖይንት ሲጠቃ አጥቂዎቹ የማሽኑን ቁልፍ ሰርቀው ሄዱ፤ ፓች የጫነ ሰው ቁልፉን ካልቀየረ ከፓቹ በኋላም በተሰረቀው ቁልፍ ፈርመው ሊገቡ ይችሉ ነበር። አሁን ሐቁን ንገረኝ፣ ቁልፍ ያለበትን የኤንቭ ፋይል ጊትሃብ ላይ ጭነህ አታውቅም?

አሸዋ · 6፡34

…ቀጣይ ጥያቄ።

ባጃጅ ነጂ · 7፡15

ጃቫ፣ ፓይተን፣ ፒኤችፒ፣ ሁላችሁም አለቃቀሱ። እኔ ጃቫስክሪፕት ነኝ፣ ጄሰን ውስጥ ነው የተወለድኩት፣ አይነካኝም 😎

ለገሃር · 7፡22

ዲሴምበር 2025 የት ነበርክ? ሪአክት ሰርቨር ኮምፖነንትስ፣ ሲቪኢ 2025-55182፣ የክብደት ደረጃው 10 ከ10። ከብራውዘር የሚመጣውን መልእክት ሰርቨሩ ላይ ሲፈቱት ያለ ምንም ሎግኢን ኮድ ያስኬዳል። በሪአክት ላይ የተሠራውን ኔክስት ጄኤስ የተጠቀመ ብዙ ሰው ሌሊቱን ፓች ሲጭን አደረ። ሪአክትህ 19.0፣ 19.1 ወይም 19.2 ላይ ከሆነ የመጨረሻዋን ቁጥር አሁኑኑ እይ።

ባጃጅ ነጂ · 7፡51

መነጽሬን አውልቄያለሁ። 19.1.0 ነው። መጣሁ።

የከዚራ ጥላ · ሐሙስ ማታ 2፡30

ተመለስኩ። ሁለት ቀን አልተኛሁም፣ ግን አሁን ፀጥታ ነው። የሆነውን ልንገራችሁ።

ጁገል ያለችውን ይዤ ከውጭ የመጣውን ትራፊክ ቀድቼ አየሁ። የጃቫ ኦብጀክት ሁልጊዜ በኤሲ ኢዲ 00 05 ባይቶች ይጀምራል፣ ፊደሉን አንዴ ካወቅከው ከሩቅ ይለያል። ከሐረር ቅርንጫፍ በቀን አንድ ጊዜ ማታ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይመጣል። የቀረው ሁሉ፣ በቀን ብዙ ጊዜ፣ ሐረርን በካርታ ላይ እንኳን ከማያውቁ አድራሻዎች ነው።

ማሽኑን አላጸዳሁትም፣ ደመሰስኩት። ሁለት ጊዜ ነቅዬው ሁለት ጊዜ ተመልሷል፣ ሌላ ምን እንደተወ በምን አውቃለሁ? ዲስኩን አውጥቼ አስቀመጥኩ፣ በአዲስ ዲስክ ከዜሮ ጫንኩ፣ ዳታቤዙን ብቻ ከባክአፕ መለስኩ፣ ፓስዎርድ ሁሉ ተቀየረ። ፖርቱን ከኢንተርኔት ዘጋሁት። ሐረርና ድሬ አሁን በዋየርጋርድ ቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) ነው የሚገናኙት። ሰርቨሩ ራሱ ወደ ውጭ እንዳይወጣም ከለከልኩት። ዕቃ ቆጣሪ ኢንተርኔት ምን ያደርግለታል?

ኮዱን ሙሉ ለሙሉ ወደ ጄሰን ለማዞር ጊዜ ይፈልጋል። እስከዚያው ጃቫውን አሳድጌ የትኛው ክላስ ይሠራ የሚለውን የሚቆጣጠረውን ፊልተር ከፈትኩ። እኔ የነበርኩበት አፕዴት 60 ፊልተር የሚባል አያውቅም፣ ጃቫ 8 ላይ የመጣው ከአፕዴት 121 ጀምሮ ነው። የሚፈቀዱትን ክላሶች በስም ጻፍኩ፣ ስምንት ናቸው፣ መጨረሻ ላይ ቃለ አጋኖና ኮከብ፦ ከእነዚህ ውጭ ማንም አይሠራ። አሁን ሃሽሴት ከመሠራቱ በፊት ነው የሚባረረው።

ጁገል ውስጥ · 2፡48

ጎበዝ። ፊልተሩ ላይ የጥልቀትና የመጠን ገደብም ጨምርበት። የተፈቀዱት ክላሶች ውስጥ ስብስብ ነገር ካለ፣ አንዱ ሌላው ውስጥ እየተጠላለፈ የተሠራ ትንሽዬ መልእክት ኮድ ሳያስኬድ ፕሮሰሰሩን አንቆ ሊይዘው ይችላል። ያኔ ደግሞ ማራገቢያው ይጮህና ሙቀት ነው ትለናለህ።

ታይዋን ተራ · 3፡02

የመጋዘን ልጆችን ስለጠረጠርኩ ይቅርታ። አለቃህ ግን ስለ ሁለተኛው ኤሲ ምን አለ?

የከዚራ ጥላ · 3፡09

"ታዲያ ኤሲው ለምን ተገዛ?" አለኝ። ለሰርቨሩ ጤና አልኩት። ወንበሬን ወደዚያ ክፍል አዛውሬያለሁ፣ አሁን ከዚያ ሆኜ ነው የምጽፍላችሁ።